ተጨማሪ መረጃ፦ ጉግስ እና የአሊፒዮስ ዓይን

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ የአዊ ከተማ እንጅባራ በፈረስ ኮቴ ትናወጣለች። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋ አርበኞችንና ፈረሶቻቸውን ይዘክራል። ከዳንግላ፣ ከባንጃና ከአንከሻ ፈረሰኛው ይተምማል።

ጉግስ በተባለው የፈረስ ጨዋታ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል። አሳዳጁ ዘንጉን ሲወረውር ሸሺው ጋሻውን ወደ ጀርባው ያዞራል። ዘንጉ ጋሻው ላይ ሲያርፍ እልልታው ይቀልጣል። ጨዋታው ውጊያን ይመስላል፤ የተመልካቹ ደስታ ግን ከሰው ደም የሚቀዳ አይደለም። ክርስቲያናዊው ጥያቄ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው፦ የምንደሰተው በምኑ ነው?

በዚህ ጥያቄ ላይ የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ የወዳጁን የአሊፒዮስን ታሪክ ጽፏል። ጓደኞቹ ጎትተው ሮም ውስጥ ወደ ግላዲያተሮች ትርኢት ወሰዱት። ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ፤ ጆሮውን ግን አልደፈነም። አንዱ ተፋላሚ ሲወድቅ ሕዝቡ ጮኸ፣ አሊፒዮስም ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ በኋላ ከደሙ ላይ ዓይኑን መንቀል አቃተው፤ ሌሎችንም ይዞ የሚመለስ ተመልካች ሆነ። ዛሬ ያ የደም ትርኢት አደባባይ በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቷል።

ጥያቄው ከዓይን አልፎ ልብ ድረስ ይዘልቃል፤ ክርስቶስ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በወንድም ላይ መቆጣትን ከ«አትግደል» ትእዛዝ ጋር አያይዞ አስተምሯል። በአዊም የፈረሰኞቹ ማኅበር የተጣሉትን ያስታርቃል፤ በበዓሉ ጋሻ ያነሡ አባቶች በሌላ ቀን ለሽምግልና ይቀመጣሉ።