ለገበሬ የሚሰጥ ዕርዳታ በማን መስፈሪያ ይሰፈር?

ገበሬ ከጥንት ጀምሮ የሚፈራው ድርቅን፥ አንበጣንና በረዶን ነው። አዝመራው አምሮ፥ ላሙም ታልባ ሳለ፥ ገዢ በመጥፋቱ ብቻ ሀብቱ በእጁ ላይ ይበላሻል ብሎ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ በአሜሪካ አገር የደረሰው ይኸው ነበር። ትምህርት ቤቶችና ምግብ ቤቶች ስለ ተዘጉ ብዙ ገበሬዎች ያለቡትን ወተት በመሬት ላይ አፈሰሱ፤ የሥጋ ፋብሪካዎችም ሠራተኞቻቸው ታመው ሥራ ስላቆሙ የደለበው እንስሳ በበረት ቀረ። በዚያው ወራት በየከተማው የተቸገረ ሰው የዕርዳታ ምግብ ለመቀበል ረጅም ሰልፍ ይዞ ነበር።

የአሜሪካ መንግሥት ሚያዝያ 9 ቀን 2012 ዓ.ም.፥ እኛ የጌታችንን ስቅለት ባሰብንበት ዕለት፥ የ19 ቢሊዮን ዶላር ዕርዳታ መወሰኑን አስታወቀ። ከዚህም 16ቱ ቢሊዮን በቀጥታ ለገበሬዎች የሚከፈል፥ 3ቱ ቢሊዮን ግን ምግብ ከገበሬው ተገዝቶ ለችግረኞች የሚታደልበት ነበር። ይህ ሁለተኛው ክፍል በአንድ ወጪ ገበሬውንም የተራበውንም ለመርዳት የታሰበ ስለ ሆነ ሊመሰገን ይገባዋል።

ነገር ግን የሰጪው ልግስና ብቻ አይበቃም፤ መስፈሪያውም መመርመር አለበት። በመጀመሪያው ደንብ በዋናነት ካሣ የሚያገኘው፥ ከጥር መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ዋጋው በአገሪቱ በጠቅላላ ቢያንስ 5 ከመቶ የወደቀ ምርት ነበር። እንግዲህ ጎመኑንና ሰላጣውን በአቅራቢያው ላለ ምግብ ቤት ይሸጥ የነበረውን ትንሽ ገበሬ እናስብ። ደንበኛው በሩን ሲዘጋ ገበሬው ገበያውን በሙሉ ያጣል፤ የአገሪቱ ዋጋ ካልወደቀ ግን ጉዳቱ በመዝገብ በሙሉ ላይታይ ይችላል። ክፍያው በምርት ብዛት ስለሚሰላ ብዙ ያመረተ ብዙ ይወስዳል። ለአንድ ሰው የተወሰነው ጣሪያ 250 ሺህ ዶላር ነበርና፥ ትንሹ ገበሬ ወደዚያ ጣሪያ ቀና ብሎ ከማየት በቀር ምን ያገኛል?

መስከረም 7 ቀን 2013 ዓ.ም. እስከ 14 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ሁለተኛ ዕርዳታ ሲታወጅ ይህ ጉድለት በከፊል ታረመ። አትክልትንና ፍራፍሬን ለመሰሉ ብዙ ምርቶች ክፍያው ባለፈው ዓመት ሽያጭ እንዲሰላ ሆነ፤ ከ50 ሺህ ዶላር በታች ለሆነው ሽያጭ 10.6 ከመቶ፥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ለሆነው 8.8 ከመቶ ተወሰነ። በ20 ሺህ ዶላር የሸጠ ገበሬ 2,120 ዶላር ያገኛል ማለት ነው። ገንዘቡ ብዙ ባይሆንም ለዘር መግዣ ይበቃ ይሆናል። ነገር ግን ሽያጩን በጽሑፍ ያልያዘ ገበሬ ጉዳቱን በምን ያስረዳል?

ዮሴፍ በግብፅ ለሰባቱ የረኃብ ዓመታት በተዘጋጀ ጊዜ በየከተማው ዙሪያ የበቀለውን እህል በዚያው ከተማ እንዳከማቸ ኦሪት ዘፍጥረት ይነግረናል። ለሕዝቡ ቅርብ የሆነ ጎተራ የሕዝቡን ችግር ያውቃል። ኦሪት ዘሌዋውያንም ባለ እርሻው የእርሻውን ዳርቻ አጥርቶ እንዳያጭድ፥ ቃርሚያውንም ለድኃና ለእንግዳ እንዲተው ያዝዛል። ስለዚህ ዕርዳታ የሚያከፋፍል ሁሉ፥ መንግሥትም ሆነ ሰበካ ጉባኤ፥ አስቀድሞ ከመዝገቡ ውጭ የቀረው ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ። እኛም በየቤታችን ልጆቻችን የሸጥነውንና የገዛነውን እንዲጽፉ እናስተምር፤ በክፉ ቀንም አስቀድመን ከጎረቤታችን ገበሬ እንግዛ። እንዲህ ያለው ዕርዳታ ዐዋጅ አይጠብቅም።