ስፖርት ሳይንስ ለማጥናት ያሰበ ባል፣ ያሰበች ሚስት

ከመካከላችሁ በስፖርት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ «ማስተርሴን ልቀጥል ወይስ ይቅር?» እያለ የሚያወጣ የሚያወርድ ይኖራል። ትዳር ለያዘ ሰው ጥያቄው የሁለት ሰው ነው። ከምእመናን መካከል ደግሞ «ስፖርት የሥጋ ነገር ነው» የሚል አይጠፋም።

ለዚህ አባባል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 1ኛ ጢሞቴዎስ 4፥8 ነው። ሐዋርያው ግን በዚያ ስፍራ የሥጋን ልምምድ በእውነተኛ መንፈሳዊ ሕይወት ፊት አሳነሰው እንጂ ከንቱ ነው አላለም። በ1ኛ ቆሮንቶስ 6፥19 ደግሞ ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን ያሳስበናል። ማደሪያውን የሚንከባከብ ሙያ እንዴት ይናቃል?

ትምህርቱ ምን ይጠቅማል?

ስፖርት ሳይንስ መሮጥና መዝለል ብቻ አይደለም። ሰውነት ሲንቀሳቀስ በውስጡ የሚሆነውን ይመረምራል። ለምሳሌ ጡንቻ በሚሠራበት ጊዜ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል፤ ይህም ኢንሱሊን በሚገባ በማይሠራለት ሰው ላይ እንኳ ይሆናል። ስለዚህ የእግር ጉዞ ለስኳር ሕመምተኛ ትልቅ እርዳታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በየጉባኤያችን ግፊትና ስኳር ያለባቸው ስንት አባቶችና እናቶች አሉ! ይህን በእውቀት የሚያስረዳቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1924 በፓሪስ ኦሊምፒክ የሮጠውን ኤሪክ ሊድልን አስቡ። የ100 ሜትር ማጣሪያው እሑድ ስለዋለ አልሮጥም ብሎ በ400 ሜትር ተወዳደረ፤ በ47.6 ሴኮንድም ወርቅ አገኘ። በዚያው ወር ከኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ በሳይንስ ተመረቀ። በሚቀጥለው ዓመት ሚስዮናዊ ሆኖ ወደ ቻይና በመሄድ ሳይንስና ስፖርት አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1945 በጃፓኖች የእስር ካምፕ ውስጥ አረፈ። ሩጫውም ትምህርቱም ለጌታ ሥራ ዋለ።

ከመመዝገባችሁ በፊት

1. ዲግሪው የሚሰጠውንና የማይሰጠውን እወቁ። ማስተርስ ለአስተማሪነት፣ ለአሠልጣኝነት፣ ለምርምርና ለስፖርት አስተዳደር በር ይከፍታል፤ ሐኪም ግን አያደርግም። የስፖርት ሕክምና ሕክምና ተምሮ ለጨረሰ ሰው የሚሆን ሙያ ነው። ፊዚዮቴራፒም የራሱ ትምህርት አለው። ሕመምተኞችን ማገልገል የምትሹ ይህን አስቀድማችሁ ለዩ።

2. ዘርፋችሁን ምረጡ። ከአትሌቶች ጋር ለመሥራት የሚፈልግ በአሠልጣኝነት፣ በጤና በኩል ለማገልገል የሚፈልግ ደግሞ በስፖርት ፊዚዮሎጂ ቢገባ ይሻላል።

3. ዋጋውን ቁጠሩ። መደበኛው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ መጨረሻው የመመረቂያ ጥናት ነው። በእነዚያ ዓመታት የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማን ይመልሳል? የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ሥራ ሳይለቁ ለመማር ይረዳል፤ ነገር ግን የጌታን ቀንና የቤተሰብን ጊዜ ሊሻማ ይችላል። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የክፍል ሰዓቱን ጠይቁ።

4. በአንድ ልብ ወስኑ። ባል ሆይ፣ ሚስትህ በማጀት የምትሸከመውን ሸክም ሳትጠይቅ አትመዝገብ። ሚስት ሆይ፣ ምኞትሽን ለባልሽ ሳትነግሪው በልብሽ አትቅበሪው። አንዳችሁ «አሁን አይደለም» ካለ ለአንድ ዓመት ማቆየት ሽንፈት አይደለም። ዲግሪ ተይዞ ትዳር ከቀዘቀዘ ግን ትርፉ ምንድን ነው?

ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ወጪያችሁንና ጊዜያችሁን ጻፉ፤ ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጸልዩ። ጥሪውን የሰጠ ጌታ መንገዱንም ያሳያችኋል። ተባረኩ!