የስካውት ባጅ በቤት ውስጥ፦ የወላጅ ፊርማ ምን ያረጋግጣል?

በአሜሪካ ትምህርት በሚከፈትበት ሰሞን ልጆች በቦርሳቸው ይዘው ወደ ቤት ከሚመጧቸው ወረቀቶች አንዱ የ‹ከብ ስካውት› የምዝገባ ማስታወቂያ ነው። ከአፀደ ሕፃናት እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉ ልጆችን የሚያቅፈው ይህ መርሐ ግብር ለብዙ ስደተኛ ወላጆች እንደ እግር ኳስ ሥልጠና ያለ ነገር ይመስላል፤ ልጁን አድርሶ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ሄዶ መውሰድ። የልጁን መመሪያ መጽሐፍ የገለጡ ዕለት ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ያገኙታል። ልጁ ከሚፈጽማቸው ተግባራት ብዙዎቹ የሚሠሩት ቤት ውስጥ ነው፤ መፈጸማቸውን በፊርማ የሚያረጋግጠውም ወላጅ ራሱ ነው።

መርሐ ግብሩን የሚያካሂደው ‹ስካውቲንግ አሜሪካ› እስከ የካቲት 2025 (እ.ኤ.አ) ድረስ ‹ቦይ ስካውትስ ኦፍ አሜሪካ› በሚል ስም ይታወቅ የነበረው ድርጅት ነው። ከ2018 ወዲህ ሴቶች ልጆችም በከብ ስካውት ይመዘገባሉ። እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል የራሱ ማዕረግ አለው፦ አፀደ ሕፃናት አንበሳ፣ አንደኛ ክፍል ነብር፣ ሁለተኛ ክፍል ተኩላ፣ ሦስተኛ ክፍል ድብ ይባላሉ። አራተኛና አምስተኛ ክፍሎች ደግሞ ‹ዌብሎስ› እና ‹አሮው ኦፍ ላይት› የተባሉ ማዕረጎች አሏቸው።

በ2024 በተሻሻለው ሥርዓት መሠረት አንድ ልጅ የክፍሉን ማዕረግ ለማግኘት ስድስት ግዴታ የሆኑና ሁለት በምርጫው የሚወስዳቸውን ‹አድቬንቸር› የተባሉ የተግባር ምዕራፎች መጨረስ ይኖርበታል። ስድስቱ ግዴታዎች በየክፍሉ ስማቸው ቢለያይም ርእሰ ጉዳያቸው አንድ ነው፤ ጠባይና አመራር፣ ከቤት ውጭ የሚደረግ እንቅስቃሴ፣ የአካል ብቃት፣ ዜግነት፣ የግል ደህንነት፣ ቤተሰብና እምነት። አንድ ምዕራፍ ያጠናቀቀ ትንሽ ልጅ ቀበቶው ላይ የምትገባ ትንሽ የብረት ምልክት ይሰጠዋል። ሁሉንም ሲፈጽም የማዕረጉ ባጅ በሸሚዙ ግራ ኪስ ላይ ይሰፋለታል።

ፈራሚው ማን ነው?

በድርጅቱ መመሪያ መሠረት በአንበሳና በነብር ማዕረግ፣ ማለትም በግምት በአምስት፣ በስድስትና በሰባት ዓመት ዕድሜ፣ ልጁ ብቻውን አይሳተፍም። በየስብሰባው አብሮት የሚገኝ አዋቂ ያስፈልገዋል። ይህ አዋቂ ልጁ የፈጸመውን በመጽሐፉ ላይ ይፈርማል፤ የአነስተኛው ቡድን መሪ ደግሞ ያንን ተቀብሎ በቡድኑ መዝገብ ያሰፍራል። ከተኩላ ማዕረግ ጀምሮ የማጽደቁ ሥራ ይበልጡን ወደ መሪው ይዞራል። ቤት ውስጥ እንዲሠሩ የተመደቡት ተግባራት ፊርማ ግን ያኔም የወላጅ ነው።

ከብ ስካውቶች ለዚህ ፈራሚ ‹አኬላ› የሚል ስም አላቸው። ስሙ የተወሰደው ከሩድያርድ ኪፕሊንግ የልጆች ታሪክ፣ ከተኩላዎቹ መንጋ መሪ ነው። አኬላ የቡድን መሪ፣ መምህር፣ እናት ወይም አባት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሌሊት ተራ የምትሠራ እናት ማክሰኞ ማታ ስብሰባው ላይ መገኘት ካልቻለች፣ አባት ወይም ሌላ የምታምነው ዘመድ ሊተካት ይችላል፤ ልጁ ያመለጠውንም እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ አብራው ልትሠራ ትችላለች። ለመሪው አስቀድሞ መንገር ብቻ ይበቃል። ብዙዎቹ መሪዎች ራሳቸው ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ ወላጆች በመሆናቸው የሥራ ሰዓትን ችግር ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ምን ያህል ሲሠራ ነው ‹ተፈጸመ› የሚባለው?

ብዙ ወላጆች የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነው። የከብ ስካውት መሪ ቃል ‹የምትችለውን ሁሉ አድርግ› እንደማለት ነው፤ መመሪያውም ይህን መፈክር ብቻ አድርጎ አይተወውም። ልጁ በእርግጥ አቅሙ የፈቀደውን ያህል ከጣረ ተግባሩ እንደ ተፈጸመ ይቆጠራል። መለኪያው የሌላ ልጅ ውጤት አይደለም፤ የራሱ አቅም ነው። ኳስ አሥር ጊዜ አንጥሮ መያዝ ያቃተው ልጅ ደጋግሞ ከሞከረ ይፈረምለታል። በሁለት ደቂቃ ሰልችቶት ወደ ታብሌቱ የተመለሰው ግን፣ ኳሱን አሥራ ሁለት ጊዜ ቢይዝ እንኳ፣ ገና ነው።

‹ስንተኛ ወጣህ?› እየተባለ ላደገ ሰው ይህ አስተሳሰብ ቶሎ አይዋጥም። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የሠርተፍኬት ቀን ማለት የደረጃ ቀን ነበር፤ አንደኛ ተሸላሚ አለ፣ ሌላው ያጨበጭባል። በከብ ስካውት ግን አንድ ቡድን ውስጥ ያሉ ስምንት ልጆች ስምንቱም ያንኑ ምልክት ሊያገኙ ይችላሉ። አንዳንድ ወላጅ በዚህ የተነሳ ባጁን ዋጋ ቢስ አድርጎ ያየዋል። የስድስት ዓመት ልጅ ግን ከሌላው መብለጡን ከማወቁ በፊት የጀመሩትን መጨረስ ምን እንደሚመስል ማወቅ ይኖርበታል፤ ባጁም የተሠራው ለዚያ ነው።

ስህተቱ የሚፈጠረው በሁለት አቅጣጫ ነው። አንደኛው ያልተሠራውን መፈረም ነው። ወሩ አልቋል፣ የሽልማቱ ዝግጅት ነገ ነው፣ ልጁ ባዶ ቀበቶ ይዞ ከጓደኞቹ መካከል እንዳይቆም ሲባል በአንድ ምሽት አራት ፊርማ ይፈረማል። ልጁ ግን ያልሠራውን ያውቃል። ከዚያ በላይ ደግሞ አባቱ ወይም እናቱ ያልሆነውን ሆነ ብለው በጽሑፍ ሲያረጋግጡ አይቷል።

ሁለተኛው የልጁን ሥራ ነጥቆ መሥራት ነው። ለዚህ ምሳሌ ሆኖ የኖረው ‹ፓይንዉድ ደርቢ› የተባለው የእንጨት መኪና ውድድር ነው። በ1953 በካሊፎርኒያዋ ማንሃተን ቢች ከተማ የተጀመረው ይህ ውድድር ወላጅና ልጅ ከአንዲት ጠርብ እንጨት አብረው መኪና እንዲሠሩ የታሰበ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ግን አባቶች ሌሊቱን ሙሉ ሲፍቁና ሲሞርዱ አድረው፣ ልጁ በማግሥቱ መኪናውን ተሸክሞ ብቻ የሚመጣበት ውድድር እየተባለ ይቀለድበታል። ስዕሉ ተወላግዶ፣ ሙጫው ፈስሶ የመጣው ሥራ ብዙውን ጊዜ የልጁ ነው። የአዋቂ እጅ የሚያስፈልገው ስለት፣ እሳትና መንገድ ማቋረጥ ያለበት ሥራ ላይ ነው። ከዚያ ውጪ ‹አሁን ምን ይቀረናል ብለህ ታስባለህ?› ብሎ መጠየቅና መልሱን ታግሶ መጠበቅ ይሻላል።

በአማርኛ ቢሠራስ?

ተግባሩ በእንግሊዝኛ እንዲፈጸም የሚያስገድድ ነገር የለም። ልጁ የምግብ ዓይነቶችን እንዲለይ ሲጠየቅ ምስሩን፣ ጎመኑንና እንጀራውን ከፊቱ ዘርግቶ ሊናገር ይችላል። ለአጭር የእግር ጉዞ የሚያዙትን ስድስት ዕቃዎች፣ ማለትም የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጫ፣ ውሃ፣ የእጅ ባትሪ፣ ስንቅ፣ ከፀሐይ መከላከያና ፊሽካ፣ በአማርኛ እየቆጠረ በቦርሳው ቢከት አንድ የሚጎድለው ነገር የለም። ቤት ውስጥ አማርኛ ሰምቶ በእንግሊዝኛ ለሚመልስ ልጅ እንዲያውም ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ‹ፊሽካ› የሚለውን ቃል ፊሽካ ይዞ የተማረ ልጅ ቶሎ አይረሳውም።

ችግሩ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። እንግሊዝኛው በማይቀናው ቤት ልጁ አንባቢም አስተርጓሚም ይሆናል፤ አስተርጓሚ የሆነ ልጅ ደግሞ አሰልቺውን መስመር መዝለሉ አይቀርም። ስለዚህ ከመፈረም በፊት መስፈርቱን በስልክ ፎቶ አንስቶ በትርጉም መተግበሪያ ማየት፣ ወይም የቡድኑን መሪ በቀላል አማርጎ እንዲያስረዳ መጠየቅ ይገባል። ለመጠየቅ ማፈር ልጁን የራሱ ፈራሚ ያደርገዋል።

ቤተሰብና እምነት የሚለው ምዕራፍ ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ምናልባት ከሁሉም የሚቀለው ነው። ድርጅቱ ልጁ የትኛውን እምነት መያዝ እንዳለበት አይወስንም፤ ቤተሰቡ የሚያከብራቸውን በዓላትና ልማዶች ከወላጁ ጋር እንዲነጋገርባቸው ነው የሚሻው። ጥምቀትን፣ ፋሲካን ወይም ዒድ አልፈጥርን ለማስረዳት መጽሐፍ ፍለጋ መሄድ አያሻም። ‹ፋሲካችን ከጎረቤቶቻችን ፋሲካ ጋር ብዙ ጊዜ ለምን አይገጥምም?› ለሚለው የልጁ ጥያቄ ግን መልስ አዘጋጅቶ መቆየት ይበጃል።

ቤት ውስጥ ብቻ የሚሠራው

በየማዕረጉ መጀመሪያ የሚገኘው ‹ቦብካት› የተባለ ምዕራፍ አንድ ለየት ያለ መስፈርት አለው። ልጆችን ከጥቃት ስለመጠበቅ የተዘጋጀ አንድ ቡክሌት አለ፤ በውስጡ ያሉትን መልመጃዎች ልጁ ከወላጁ ወይም ከአሳዳጊው ጋር ቤት ውስጥ እንዲሠራ ይጠየቃል። መስፈርቱ በየዓመቱ ይደገማል፤ ለመሪው የሚተውም አይደለም።

ይህ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልመጣም። ድርጅቱ በየካቲት 2020 የኪሳራ ጥበቃ እንዲሰጠው ፍርድ ቤት ሲጠይቅ፣ በልጅነታችን በስካውት ውስጥ ጾታዊ ጥቃት ደርሶብናል የሚሉ ከ82,000 በላይ አቤቱታዎች ቀርበውበታል። የተጎጂዎች ካሳ 2.46 ቢሊዮን ዶላር እንዲሆን የተደረገው ስምምነት ሥራ ላይ መዋል የጀመረው በ2023 ነው። ዛሬ መሪዎች ስለ ልጆች ጥበቃ ሥልጠና መውሰድ አለባቸው፤ በማንኛውም እንቅስቃሴ ቢያንስ ሁለት አዋቂ መሪዎች ይገኛሉ፤ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው መሆን አይፈቀድለትም። እነዚህን ደንቦች ወላጅም ሊያውቃቸውና ሲጣሱ ካየ ሊጠይቅባቸው ይገባል።

መልመጃው ግን በብዙ ቤቶች በጥድፊያ የሚፈረምበት ነው፤ ምክንያቱም ቃላቱ ይከብዳሉ። የአካል ክፍሎችን በስማቸው መጥራት በአማርኛ ነውር ሆኖ በመኖሩ ብዙ ወላጅ ለልጁ ያስተማረው የማቆላመጫ ስም ነው። ያ ስም ከቤት ውጭ ማንም አይገባውም። አንድ ነገር የደረሰበት ልጅ ለመምህሩ ወይም ለሐኪም ሊናገር ቢሞክር እንኳ ላይረዱት ይችላሉ። ወላጅ በአማርኛ ማለት ቢያቅተው ትክክለኛውን ስም በእንግሊዝኛ ማስተማሩ ዝም ከማለት ይሻላል።

ሌላው እንቅፋት መልካም አስተዳደግ ከሚባለው ራሱ ይመነጫል። ልጅ ለትልቅ ሰው ‹እሺ› እንዲል ይጠበቃል፤ እንግዳ ሲመጣ ‹ሂድ አጎትህን ሳም› ይባላል፤ የአባቱ ጓደኛ ሁሉ አጎት፣ የእናቱ ጓደኛ ሁሉ አክስት ናቸው። ልጁ እምቢ ማለት የሚፈቀድለት መቼ እንደሆነ፣ የሥጋ ዘመዱ ማን እንደሆነና ያልሆነው ማን እንደሆነ በግልጽ ካልተነገረው ቡክሌቱ የሚጠይቀውን ሊመልስ አይችልም። አክብሮቱን ማስቀረት አያስፈልግም። ልጁ መሳም ካልፈለገ እጁን ዘርግቶ ሰላም ማለት ይችላል፤ ‹ለእማዬ እንዳትነግር› የሚል አዋቂ ካለ ግን፣ ማንም ይሁን ማን፣ ለእማዬ የሚነገረው ያኔ ነው።

የግል ደህንነት ምዕራፍ ሲሠራም አንድ ነገር መጨመር ይጠቅማል። ወላጁን ‹እማዬ› እና ‹አባዬ› እያለ ብቻ የሚጠራ ልጅ ጠፍቶ ቢገኝ ሙሉ ስማቸውን ላያውቅ ይችላል። በኢትዮጵያ ስም አሰጣጥ የእናትና የልጅ የመጨረሻ ስም ስለማይመሳሰልም ፖሊስ ወይም የትምህርት ቤት ሠራተኛ ግራ ሊጋባ ይችላል። የሁለቱንም ወላጆች ስም ከነአባታቸው፣ ስልክ ቁጥራቸውንና አድራሻቸውን በቃል ማስያዝ ከአንድ ሳምንት በላይ አይፈጅም።

ቤት ውስጥ የማይሠራውም አለ። የቡድን ጓደኞችን ስም ማወቅ፣ አብሮ መጫወት፣ በጋራ መውጣት ያለ ቡድን ትርጉም የላቸውም። አቅራቢያቸው ቡድን ለሌላቸው ቤተሰቦች ግን ‹ሎን ከብ ስካውት› የሚባል አማራጭ አለ፤ በዚህም ወላጅ ራሱ መሪ ሆኖ ከልጁ ጋር ይሠራል። በብሪታንያ ደግሞ ባጁን የሚሰጠው የቡድኑ መሪ ሲሆን፣ ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉት ‹ስኩዊረልስ›፣ ከ6 እስከ 8 ያሉት ‹ቢቨርስ› ይባላሉ። ቤት ውስጥ የተሠራውን በፎቶ ወይም በሥራው ውጤት ማሳየት የሚቻል መሆኑን እዚያ ያሉ ወላጆች መሪያቸውን ሊጠይቁ ይችላሉ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በአሜሪካው መርሐ ግብር ልጆች የሚሸጋገሩት በክፍላቸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ ነብር የነበረው ልጅ ባጁን ቢያገኝም ባያገኝም ወደ ተኩላ ያልፋል፤ ያለፈውን ማዕረግም ተመልሶ አይሠራም፤ በአዲሱ ዓመት ከሌሎቹ እኩል ይጀምራል። የተጀመረ ምዕራፍ ያለው ልጅ ስለዚህ ከሚያዝያ በፊት መጽሐፉ ቢታይለት የቀረውን ያለ ጥድፊያ ለመጨረስ ጥቂት እሑዶች ይኖሩታል።