ዙሪያው እኩል ቢሆን፣ ስፋቱም እኩል ነው ወይ?

ሁለት ገበሬዎች ማሳ ሊለዋወጡ ተስማሙ እንበል። የአንደኛው ማሳ ወርዱ 50 ሜትር፣ ቁመቱም 50 ሜትር ነው። የሁለተኛው ወርዱ 20 ሜትር፣ ቁመቱ 80 ሜትር ነው። ሽማግሌዎች በገመድ ዞረው ለኩ። የአንዱም ዙሪያ 200 ሜትር፣ የሌላውም 200 ሜትር ሆነ። «እንግዲህ እኩል ነው፤ ተለዋወጡ» አሏቸው።

ፍርዱ ትክክል ነው ወይ? እርሳስና ደብተር ይዘን እንየው።

ዙሪያ ማለት የአጥሩ ርዝመት ነው። እህል የሚበቅለው ግን ከአጥሩ ውስጥ ነው። የውስጡን ልክ ስፋት እንለዋለን። ስፋትን የምናገኘው ወርዱን በቁመቱ በማባዛት ነው።

ለምን እናባዛለን? ወርዱ 1 ሜትር፣ ቁመቱም 1 ሜትር የሆነ ሰሌን አስቡ። የዚህ ሰሌን ስፋት 1 ካሬ ሜትር ይባላል። በመጀመሪያው ማሳ ላይ ሰሌን ብናነጥፍ በአንድ ረድፍ 50 ይገባል። ረድፉም 50 ነው። 50 ጊዜ 50፣ 2,500 ካሬ ሜትር ይሆናል። በሁለተኛው ማሳ 20 ጊዜ 80፣ 1,600 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ልዩነቱ 900 ካሬ ሜትር ነው።

እንግዲህ ባለ 50 ሜትሩ ገበሬ ቢለዋወጥ ከመሬቱ ከሲሶ በላይ ያጣል። ያውም እኩል ተለዋወጥሁ እያለ ነው! ማሳው ይበልጥ ቢቀጥን፣ ወርዱ 10፣ ቁመቱ 90 ሜትር ቢሆን፣ ዙሪያው ያው 200 ነው፤ ስፋቱ ግን 900 ካሬ ሜትር ብቻ ነው።

አባቶቻችን መሬትን በጥማድ ይለኩ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቦታ ይለካል። ጥማድ ማለት ሁለት በሬ ተጠምደው በአንድ ቀን የሚያርሱት መሬት ነው። በሬው ሲደክም፣ አፈሩ ሲጠነክር ልኩ ይለያያል። በግምት 4 ጥማድ 1 ሄክታር ነው ይባላል። ሄክታር ግን የትም ቦታ 10,000 ካሬ ሜትር ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይሰጥም ሲል የወሰነው በዚሁ ልክ ነበር።

አሁን ሌላ ጥያቄ እናንሣ። አንድ ጓሮ ወርዱ 10 ሜትር፣ ቁመቱ 20 ሜትር ነው። 5 ቅርጫት ፍግ ይበቃዋል። ሌላው ጓሮ ወርዱ 20 ሜትር፣ ቁመቱ 40 ሜትር ነው። ስንት ቅርጫት ይበቃዋል? ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ «ወርዱም ቁመቱም እጥፍ ነው፤ እንግዲያው 10 ቅርጫት» ይላል። እናባዛ። የፊተኛው 10 ጊዜ 20፣ 200 ካሬ ሜትር ነው። የኋለኛው 20 ጊዜ 40፣ 800 ካሬ ሜትር ነው። ትልቁ የትንሹ 4 እጥፍ ሆነ። ስለዚህ 20 ቅርጫት ያስፈልጋል። ካላመናችሁ መሬት ላይ በእንጨት ሥሉት። በትልቁ ጓሮ ውስጥ ትንሹ ጓሮ 4 ጊዜ ይገባል።

ስንለካ የምንጠነቀቅበት ነገር አለ። እርምጃ ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ 10 ሜትር ገመድ ወስደን በየሜትሩ እንቋጥር። ገመዱ አይላላ፤ ተወጥሮ ይያዝ። ወርድ በቁመት ማባዛት የሚሠራው ማዕዘኖቹ ቀጥ ላሉ ማሳ ነው። ጠማማ ማሳ በዚህ መንገድ አይለካም።

ማሳ ስንለዋወጥ፣ በእኩል ወይም በኮንትራት ስንሰጥ፣ ውርስ ስንካፈል፣ ከመፈረማችን በፊት «ወርዱ ስንት ነው? ቁመቱስ?» ብለን እንጠይቅ። ከዚያም ራሳችን እናባዛ። ስሙን መጻፍ የቻለ ሰው የሚፈርምበትንም ልክ ማወቅ ይገባዋል።

መልመጃ፦ የአንድ ማሳ ቁመት የወርዱ 2 እጥፍ ነው። ስፋቱ 5,000 ካሬ ሜትር ነው። ወርዱና ቁመቱ ስንት ስንት ነው?

አሠራሩ፦ ማሳውን መሐል ለመሐል ለሁለት ክፈሉት። ጎኖቻቸው እኩል የሆኑ ሁለት ማሳዎች ታገኛላችሁ። የእያንዳንዱ ስፋት 2,500 ነው። በራሱ ሲባዛ 2,500 የሚሆነው ቁጥር 50 ነው። ስለዚህ ወርዱ 50 ሜትር፣ ቁመቱ 100 ሜትር ነው። 50 ጊዜ 100 አባዝታችሁ አረጋግጡ።