ያረጀ ላፕቶፕና አዲስ ስርዓተ ክወና

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ እንደ ደብረ ወርቅ ባሉ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት ያገለገለ ላፕቶፕ ይዞ የሚሠራ ሰው ማሽኑ ገና ደህና እየሠራ ሳለ ይተካ ወይስ አዲስ ስርዓተ ክወና ይጫንበት የሚለውን መወሰን ግድ ሆኖበታል። ስርዓተ ክወና የኮምፒውተሩን አካላት የሚያስተዳድርና ሌሎች ፕሮግራሞች ሁሉ የሚደገፉበት መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው። ማሻሻያው ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ሥራ አያቆምም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የሚገኙ ክፍተቶች ስለማይደፈኑ፣ የደንበኞች ፍላሽ ከማሽን ወደ ማሽን በሚዘዋወርበት የጽሕፈት ቤት ሥራ አደጋው እያደር ይከብዳል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይጠይቃል፤ ብዙ ላፕቶፖችን የሚያግደው ግን ይህ ሳይሆን ቲፒኤም 2.0 የተባለው፣ የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቀው የደህንነት ክፍልና የፕሮሰሰሩ ጀነሬሽን ነው። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ተቀባይነት ያላቸው እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የወጡት ስምንተኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በኋላ ያሉት ስለሆኑ፣ ኮር አይ5 ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ከ2 እስከ 7 ባለ አሃዝ ከጀመረ ማሽኑ ከመስፈርቱ ውጭ ነው ማለት ይቻላል። እገዳውን በተለየ መንገድ በተዘጋጀ ፍላሽ ማለፍ ይቻላል፤ ሆኖም ማይክሮሶፍት በዚህ መንገድ ለተጫነ ስርዓት ማሻሻያ እንደሚደርሰው ዋስትና ስለማይሰጥ፣ ባለቤቱ ሊሸሸው ወደፈለገው ችግር ሊመለስ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ፈቃድ የሌለው ዊንዶውስ ከማይታወቅ ምንጭ በመጣ ማግበሪያ ፕሮግራም መክፈት ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ፕሮግራም ራሱ ቫይረስ ሊሸከም ስለሚችል ለደህንነት ሲባል የተጀመረውን ሥራ ከሥሩ ያፈርሰዋል።

የአሮጌ ላፕቶፕ መንቀርፈፍ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፕሮሰሰሩ ሳይሆን ከሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። ሃርድ ዲስኩ ፋይል የሚያነበው በሚሽከረከር ሳህን ላይ በሚንቀሳቀስ ክንድ በመሆኑ አዳዲስ ስርዓቶች በአንድ ጊዜ የሚጠይቁትን ብዙ ንባብ ማሟላት ያቅተዋል፤ ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ሲተካለት ግን ለመነሳት ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረ ማሽን በሰከንዶች ሊነሳ ይችላል። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ራሙ 4 ጊጋባይት እስከደረሰ ድረስ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ኤስኤስዲ ነው።

ለዊንዶውስ 11 የማይበቃ ማሽን ሊኑክስን በምቾት ሊያሠራ ይችላል። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሊኑስ ቶርቫልድስ የተጀመረ፣ ማንም በነጻ የሚጭነው ስርዓት ሲሆን፣ ከዝርያዎቹ አንዱ የሆነው ሊኑክስ ሚንት 22 የሚጠይቀው 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት ማከማቻ ነው፤ ማሻሻያውም እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ይዘልቃል። ፋይሉ አንድ ጊዜ ወርዶ ፍላሽ ላይ ከተዘጋጀ ለብዙ ኮምፒውተሮች ስለሚበቃ የኢንተርኔት ወጪው ለጎረቤትም ይተርፋል፤ ከዚህም በላይ ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ተነስቶ መሞከር ስለሚቻል፣ ዋይፋዩና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን ከውሳኔ በፊት ማረጋገጥ ይገባል።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ትልቁ ጉዳይ ግን የቆየ ሰነድ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ የቀደሙት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ እትሞች የፊደሎቻችንን ቅርጽ በላቲን ፊደላት መለያ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ በእነሱ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ይታያል። አዲስ ለሚጻፈው ችግር የለም፤ ሊኑክስም ኖቶ እና አቢሲኒካ በተባሉት ነጻ ፎንቶች አማርኛን በዩኒኮድ ያሳያል፣ በድምፅ ተከታይ የቁልፍ ሰሌዳም ያስጽፋል። የድሮዎቹን የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራሞች ግን በቀጥታ ስለማያሠራ፣ የቆዩት ሰነዶች አሮጌው ዊንዶውስ ሳይነካ፣ ፎንቱ ባለበት ማሽን ተከፍተው መልካቸው እንዳይጠፋ በፒዲኤፍ ሊቀመጡ፣ ወደፊት የሚታረሙት ደግሞ ወደ ዩኒኮድ ሊለወጡ ይገባል።

ይህ ሥራ ፎርማት ከማድረግ በፊት ማለቅ አለበት። ብዙ ሰው ፋይሉን ዲ በተባለው የዲስክ ክፍል ካስቀመጠ እንደማይጠፋበት ያምናል፤ ዊንዶውስ ሲ በተባለው ክፍል ላይ ብቻ እንደገና ሲጫን እምነቱ ትክክል ነው። የሊኑክስ መጫኛ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ እንዲያጠፋ ከታዘዘ ግን ዲንም ጨምሮ ስለሚያጠፋ፣ ሰነዱ በሌላ ዲስክ ላይ ተገልብጦ፣ ቅጂውም በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ መነበቡ ሳይረጋገጥ መጫኛው መጀመር የለበትም።