ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ የአገር ጸጥታና ንግድ

ለአስመጪና ለላኪ ቃሊቲ ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው የጉምሩክ ጣቢያው ነው። ይሁን እንጂ በዚያው አካባቢ የሚገኘው ማረሚያ ቤት፣ በጉምሩክ ሚዛን ላይ ስለማይወጣ አንድ የንግድ ዕቃ ብዙ ያስተምረናል። ይህም ዕቃ ለአገር ጸጥታ ተብሎ የሚገዛው የስለላ ፕሮግራም ነው፤ ዛሬም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኃይሉን እያበዛለት ይገኛል።

በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን ዘጠኝ ስድስት ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ። ጦማርያኑ ስሙን ያገኙት ከቃሊቲ ነበር፤ ማረሚያ ቤቱ በስምንት ዞን የተከፈለ ስለ ነበረ፣ ከግንቡ ውጭ ያለው አገር ዘጠነኛው ነው ለማለት ነው። በኋላም ከእነርሱ መካከል በዚሁ በቃሊቲ የታሰሩ ነበሩ። በቀረበባቸው የሽብር ክስ፣ መልእክትን በምስጢር ቆልፎ ስለ መላክ ሥልጠና መውሰዳቸው ተጠቅሶ ነበር። አምስቱ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተነሥቶ ተፈቱ፤ የቀሩትንም ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። የተከሰሱበት የጸረ ሽብርተኝነት ዐዋጅ ቁጥር 652 ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል።

ቁልፍ ማበጀት በወንጀል በተቆጠረበት በዚያው ዘመን፣ ቁልፍ መክፈቻው ከውጭ አገር ይገዛ ነበር። ሀኪንግ ቲም ከተባለው የሚላኖ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ያፈተለኩ ሰነዶች እንደሚያሳዩት፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ለዚህ ፕሮግራም 1 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፍሎ ነበር። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች በዚሁ ፕሮግራም መጠቃታቸውን ከገለጡ በኋላ፣ ሻጩ አገልግሎቱን አቋረጠ። እንግዲህ ገዢው ገንዘቡን ቢከፍልም፣ የመሣሪያው ጌታ ግን ሻጩ ሆኖ ቀረ።

በዚያን ጊዜ የተጠለፈውን ደብዳቤና ንግግር አንብቦ የሚለይ ሰው ያስፈልግ ነበር። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ግን ንግግርን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፣ ቋንቋን ይተረጉማል፣ ፊትን ከፊት ይለያል፣ ብዙ ሺህ መልእክትም በአንድ ጊዜ ይመረምራል። ድንበርንና ባንክን ከአጥፊ ለመጠበቅ እንደሚረዳ ሁሉ፣ ሕግ ካልገታው የዜጋን ቤትና የነጋዴን መዝገብ ይበረብራል።

የዓለም ኃያላን የሚሽቀዳደሙበትም ምክንያት ይኸው ነው። ሽቅድድሙም በንግድ ፈቃድ ይታያል። አሜሪካ በጥቅምት ወር 2022 (እ.ኤ.አ.) ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚውሉ የረቀቁ ቺፖች ያለ ፈቃድ ወደ ቻይና እንዳይሸጡ ከለከለች። ቻይናም በበኩሏ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የጋሊየምንና የጀርማኒየምን ሽያጭ በፈቃድ አደረገች። የረቀቁት ቺፖች በብዛት የሚሠሩት በታይዋን ሲሆን፣ ለሥራቸው ዋና የሆነውን መሣሪያ የሚያቀርበው አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ነው። ስለዚህ በሩቅ አገር የሚፈረም አንድ ደብዳቤ የእኛን መጋዘን ባዶ ሊያደርግ ይችላል።

ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ተቋም አቋቁማለች። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የደንበኞችን መረጃ በሚሰበስብና ወደ ውጭ በሚያስተላልፍ ሁሉ ላይ ግዴታ ይጥላል። ባለ ሱቁም ከዚህ ውጭ አይደለም።

ስለዚህ የደኅንነት ካሜራም ሆነ የሂሳብ ፕሮግራም የሚያስመጣ ነጋዴ ከዋጋው ጋር ሦስት ነገር ይጠይቅ። መረጃው የሚቀመጠው በየት አገር ነው? ሻጩ ከሩቅ ሆኖ ሊዘጋው ወይም ሊያየው ይችላልን? የሻጩ መንግሥት ፈቃዱን ቢነሣ ዕቃው ይሠራልን? መልሱም በውል ላይ ይጻፍ። የመጋዘኑን ቁልፍ ለማያውቀው ሰው የሚሰጥ ነጋዴ የለምና፣ የመዝገቡንም ቁልፍ እንዲሁ ሊጠብቅ ይገባዋል።