አሰልጣኙ ከማስሮጡ በፊት ጠይቋል?

ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። መስቀል አደባባይን ብርዱ ገና አልለቀቀውም። የአደባባዩን ደረጃ ሽቅብና ቁልቁል የሚመላለሱት ሰዎች ግን ላባቸው ጠብ ማለት ጀምሯል። የመድፈኞቹን ማሊያ ያጠለቀ አለ፤ የቀያይ ሰይጣኖቹን የለበሰ አለ፤ ፈረሰኞቹም ቡናማዎቹም አልቀሩም። ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ሲበሻሸቁ ያመሹ ደጋፊዎች ጠዋት በአንድ ረድፍ ተሰልፈው ለአንድ ፊሽካ ይታዘዛሉ። ደርቢ ያራራቃቸውን ፑሽ አፕ አቀራረባቸው!

ለመሆኑ ፊሽካውን የሚነፋው ሰው ማነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ከተሰላፊዎቹ ግን ብዙዎቹ ጠይቀውት አያውቁም። ደረቱ ሰፊ ነው፣ ድምፁ ያስገመግማል፣ ፊሽካም አለው። በቃ አሰልጣኝ ነው!

የአዲስ ጀማሪው ታሪክ ደግሞ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ዕድሜው 35 አለፍ ብሏል፤ ቦርጩ ማሊያውን ወጥሮታል። የሰፈር ጨዋታ ላይ አንድ ኳስ ተከትሎ ሮጦ ልቡ ጠፋ፣ ጓደኞቹም ሳቁበት። «ከሰኞ ጀምሮ ስፖርት!» ብሎ ማለ። ሰኞ ሄደ፤ አሰልጣኙ ስሙን እንኳን ሳይጠይቅ 100 ስኩዋት አሠራው። ማክሰኞ ከታክሲ ለመውረድ የሰው ትከሻ መያዝ ግድ ሆነበት። ረቡዕ ቀረ። የወሩ ክፍያ ግን እዚያው ቀረች።

የዚህ ሰው ኪሳራ ገንዘብ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከፍ ሲል ጉልበት፣ ከዚያም ከፍ ሲል ሕይወት አለ።

«ማሪኑ» በሴኡል

«አሰልጣኝ ማለት የሚያስለፋ ነው» የሚለው እምነት ከየት መጣ? ከሚታየው እግር ኳስ ነው። እ.ኤ.አ በሐምሌ 2022 ቶተንሃም ለዝግጅት ደቡብ ኮሪያ ሄዶ ነበር። በሴኡል ሙቀትና ወበቅ፣ በተመልካች ፊት ልምምዱ አልቆ ተጫዋቾቹ አረፍን ሲሉ የአካል ብቃት አሰልጣኙ ጂያን ፒዬሮ ቬንትሮኔ ሩጫ አዘዛቸው። ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ 42 ጊዜ መሮጣቸው በጊዜው ተዘግቧል። ሃሪ ኬን አስመለሰው። ሰን ሁንግ ሚን መሬት ላይ ተዘረረ። ምስሉ ዓለምን ዞረ።

ጣሊያናዊው ቬንትሮኔ ቅጽል ስሙ «ማሪኑ» ነበር። በማርሴሎ ሊፒ ዘመን በጁቬንቱስ ሲሠራ እነ አንቶኒዮ ኮንቴን ያስለፋ ሰው ነው። አሮጊቷ እ.ኤ.አ በ1996 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን ስታነሳ የዚያን ቡድን ሳንባ ያዘጋጀው እሱ ነበር። ኮንቴ አሰልጣኝ ከሆነ በኋላ ወደ ቶተንሃም የወሰደውም ያን ጊዜ በራሱ እግር ስለቀመሰው ነው። ቬንትሮኔ በጥቅምት 2022 በሕመም ሲያርፍ ግን ያ ሁሉ የለፋ ተጫዋች አለቀሰለት። ሰውየው ጨካኝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም አያለቅስለትም ነበር።

ጀርመናዊው ፊሊክስ ማጋትም ከዚሁ ጎራ ነው። አገሩ ያወጣለት ስም «ኳሊክስ» ነው፤ ማሰቃየት የሚለውን የጀርመንኛ ቃል ከስሙ ጋር ያዳቀለ ፌዝ ነው። ኖርዌያዊው ያን ኦጌ ፊዮርቶፍት፣ ማጋት ታይታኒክን ያድናት እንደሆነ ባያውቅም የተረፉት ሰዎች ግን በጥሩ አቋም ላይ እንደሚሆኑ ተናግሮ አገር አስቋል። ማጋት ቮልፍስቡርግን እ.ኤ.አ በ2009 የቡንደስሊጋ ሻምፒዮን አድርጓል። ያው ሰው በየካቲት 2014 ፉልሃምን ሲይዝ ግን ቡድኑን ከመውረድ አላዳነውም፤ በመስከረም ተሰናበተ። ልፋት ብቻውን ዋንጫ ቢያመጣ ኖሮ ማጋት ዛሬም ለንደን በነበረ!

ደጋፊው የማያየው ክፍል

ደጋፊው ያየው የሰንን መዘረር ነው። ከጀርባው ያለውን አላየም። ሰን ከልጅነቱ ጀምሮ በየቀኑ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ትልቅ ክለብ ተጫዋች ሲያስፈርም ልቡን፣ ጉልበቱንና ደሙን አስመርምሮ ነው። ሜዳው ዳር ሐኪምና ወጌሻ ቆመዋል። ማታ ምን እንደሚበላ የሚወስን ባለሙያ አለ፤ ጠዋትም ከአልጋው ወርዶ ታክሲ አይጋፋም።

ሙሉ ቀን ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚውለው፣ ማታ ጥብስና ድራፍት ለሚያወራርደው ሰው ያንን ልምምድ ማዘዝ ታዲያ ምን ይሉታል? ላልተለማመደ ሰውነት ከልክ ያለፈ ልፋት የሚያመጣው መዘዝ አለ፤ ሐኪሞች ራብዶማዮሊሲስ ይሉታል። ጡንቻው ይሰባበርና ፍርስራሹ ወደ ደም ይገባል፣ ኩላሊትንም እስከማስተጓጎል ይደርሳል። ከልምምድ በኋላ ባለው አንድ ሁለት ቀን ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጡንቻው ካበጠና ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ «ጡንቻዬ እየተሠራ ነው» ብሎ መደሰት ሳይሆን ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው!

የመጀመሪያው ቀን ፈተና

እንግዲህ ጥሩ አሰልጣኝ በምን ይለያል? በደረቱ ስፋት አይደለም። በመጀመሪያው ቀን በሚጠይቀው ጥያቄ ነው። «ደረትህን አሞህ ያውቃል? ስትሮጥ ያዞርሃል? ደም ግፊት ወይም ስኳር አለብህ? ከቤተሰብ በልጅነቱ በድንገት የሞተ አለ? የምትወስደው መድኃኒት አለ? የትኛው ጉልበትህ ተጎድቶ ያውቃል? ለመጨረሻ ጊዜ ስፖርት የሠራኸው መቼ ነው?» ይህን ሳይጠይቅ ፊሽካ የሚነፋ ሰው የቱንም ያህል ቢያስለፋ አሰልጣኝ አይባልም። ከመልሶቹ አንዱ አጠራጣሪ ከሆነም «መጀመሪያ ሐኪም ይይህ» ብሎ ገንዘቡን የሚመልስ ከተገኘ ያንን ሰው አለመልቀቅ ነው።

ሁለተኛው መለያ ማሟሟቂያው ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ በ2006 ከባለሙያዎች ጋር ያዘጋጀው «ፊፋ ኢሌቨን ፕላስ» የሚባል ማሟሟቂያ አለ። 15 እንቅስቃሴዎች ናቸው፤ 20 ደቂቃ ይፈጃሉ፤ ኳስና ሜዳ ብቻ ይበቃቸዋል። በኖርዌይ 1,892 ወጣት ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ በ2008 በወጣው ጥናት፣ የሠሩት ላይ የደረሰው ጉዳት ካልሠሩት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያነሰ ነበር። የሰፈር ቡድን ግን ማሟሟቂያው ሁለት ሹት ወደ ጎል መምታት ነው፤ ከዚያ አንዱ በአሥረኛው ደቂቃ የጭኑን ጀርባ ይዞ ይወድቃል።

ለዚያም መድኃኒት አለው። አንዱ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን ይይዝለታል፣ ተንበርካኪው ወገቡን ሳያጥፍ ቀስ እያለ ወደፊት ይወርዳል። «ኖርዲክ» ይሉታል። በተለያዩ ጥናቶች የጭን ጀርባ ጡንቻ ጉዳትን በግማሽ ያህል ሲቀንስ ታይቷል። ክፍያውም ዜሮ ነው። ይሄን የማያውቅ የኳስ ተጫዋቾች አሰልጣኝ ካለ ጥያቄ ያስነሳል።

ሦስተኛው የትምህርት ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ኮተቤን የመሳሰሉ ተቋማት በስፖርት ሙያ ሲያስመርቁ ኖረዋል። «የት ተማርክ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ፀጉር አስተካካይ እንኳን ይመረጣል። በእርግጥ ወረቀት ብቻውን ሰው አያሠራም። ያለ ወረቀት ጎበዝ የሆኑም አሉ። ወረቀቱም ልምዱም የሌለው፣ ነገር ግን በሁለተኛው ሳምንት ዱቄትና መርፌ ሊሸጥ የሚሞክረው ግን የሚፈራ ነው። አሰልጣኝ ፋርማሲ ሲሆን መሸሽ ነው የሚያዋጣው!

ለብቻ ወይስ በቡድን?

የግል አሰልጣኝ ውድ ነው፤ የቡድኑ ማስ ስፖርት ርካሽ ነው። ሀበሻ ደግሞ ከሰው ጋር ሲሆን ይበረታል። ጓደኛው ስድስት ሰዓት ላይ ደውሎ «ነገ ትቀራለህ አሉ» ካለው ሰው ይነሳል። ችግሩ ቁጥሩ ላይ ነው። አንድ አሰልጣኝ 60 ሰው አሰልፎ ከኋላ ረድፍ ያለው ሰው ስኩዋት ሲወርድ ጉልበቱ ወደ ውስጥ እየታጠፈ መሆኑን እንዴት ያያል? በቡድን የሚሠራ አሰልጣኝ ቢያንስ በረድፎቹ መሀል እየተዘዋወረ የሚያርም፣ ለጀማሪ ቀለል ያለ፣ ለቆየው ከበድ ያለ የሚሰጥ መሆን አለበት። ሁሉንም በአንድ ፊሽካ የሚነዳ ከሆነ ሰልፍ እንጂ ስልጠና አይደለም።

አቅም ላለው መሀከለኛ መንገድ አለ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ለብቻ ከፍሎ አቋቋሙን መማር፣ ከዚያ ከቡድን መቀላቀል። ሦስትና አራት ጓደኛሞች አንድ አሰልጣኝ ይዘው ክፍያውን መካፈልም ያዋጣል። የሦስት ወር ቅድሚያ ካልተከፈለኝ የሚለውን ግን አንድ ቀን ሳያዩት አለመክፈል ነው።

ምንም የማይከፍልስ? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ነው። ፈጠን ያለ እርምጃ ይቆጠራል። ልኩን ማወቂያውም ቀላል ነው፤ እየሠሩ ማውራት ከተቻለ ልኩ ነው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተ ለጀማሪ በዝቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከዋሽንግተንና ከዱባይ ለዕረፍት የመጣው ወንድም እዚያ የሚሮጠውን ያህል እዚህ በመጀመሪያው ቀን ልሩጥ ቢል የሚያፍረው ለዚህ ነው።

ፊሽካው መቆም ያለበት ሰዓት

ሰኔ 26 ቀን 2003 እ.ኤ.አ ሊዮን ከተማ። ካሜሩን ከኮሎምቢያ። በ72ኛው ደቂቃ ማርክ ቪቪየን ፎኤ ማንም ሳይነካው መሀል ሜዳ ላይ ወደቀ፤ አልተነሳም። ገና 28 ዓመቱ ነበር። ከ18 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 12 ቀን 2021፣ ኮፐንሃገን ላይ ክርስቲያን ኤሪክሰንም እንደዚያው ወደቀ። እሱ ግን ተነሳ፤ በዓመቱም በብሬንትፎርድ ማሊያ ፕሪሚየር ሊግ ላይ ተጫወተ። ኤሪክሰንን ያተረፈው በደቂቃዎች ውስጥ ደረቱን የሚጫኑ እጆችና ልብን የሚያስነሳው መሣሪያ አጠገቡ መድረሳቸው ነው።

መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ያ መሣሪያ የለም። እጅ ግን አለ። ሰው ሲወድቅና ሳይተነፍስ ሲቀር በደረቱ መሀል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ጠንከር አድርጎ መጫን የሚችል፣ ሌላውን ሰው ደግሞ ወደ 907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ የሚያስደውል አሰልጣኝ ከ100 ስኩዋት ይበልጣል። ከዚያም በፊት ደረቱን የጨመቀው፣ ዓይኑ የጨለመበት፣ ያላበውም ላብ ቀዝቃዛ የሆነበት ሰው «አሞኛል» ሲል «ሰበብ ነው፣ ቀጥል!» የማይል አሰልጣኝ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የሚቀጥለው ሰኞ ሲመጣ፣ ማሊያውን ለብሶ ደረጃው ላይ የቆመው ጀማሪ ከመሰለፉ በፊት ትንሽ ይጠብቅ። ፊሽካ የያዘው ሰው ቀርቦ «ወንድሜ፣ ጤናህ እንዴት ነው?» ካለው ይሰለፍ። ካላለው ግን አደባባዩ ሰፊ ነው፤ ብቻውን ዱብ ዱብ ይበል!